ቄጤማ የማይቀበል በረንዳ

ሱሉልታ ውስጥ ሐዘን የተቀመጠ ቤት ለእንቁጣጣሽ ቄጤማ አይጎዘጉዝም። ማሪቱ ግን ጎዘጎዘች። ልጇ ማቲ የገባበት ከጠፋ ሁለት ዓመት ቢያልፍም፣ ጎረቤት «እርምሽን አውጪ» ሲላት «ማን ሞቶ?» እያለች በረንዳዋን ታስጌጣለች።

አደይ አበባ ቀጥፋ ስትመለስ ቄጤማው ተጠርጎ ደረጃው ሥር ተከምሯል።

«አሥራት፣ አንተም ከጎረቤት አበርክ?»

«እኔ?» አለ ባሏ። «መጥረጊያ ስይዝ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ነው። እንደገና ጎዘጎዘችና አብረው ቁጭ አሉ። በጠራራ ፀሐይ፣ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ ሳይኖር፣ ቄጤማው ከበሩ ጀምሮ ይጠረግ ጀመር። አጠራረጉ የግራ እጅ ነበር፤ በዚያ ቤት ግራኙ ማቲ ብቻ ነው።

«ተይው» አለ አሥራት ቀስ ብሎ። «ይጨርስ።»

ማሪቱ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።