ቢላውን ለደንበኛ የሚያስይዘው ሥጋ ሻጭ

ሃሃሃ... ቆይ ወገኖቼ፣ ሳቄ በረድ ይበልልኝና ልንገራችሁ... ዋናው መጨረሻው ላይ ነው፣ እንዳትዘሉት።

ከአገር ውጭ፣ ሀበሻ የበዛበት ኢስትሊ ሰፈር ነው... የ1997 ፋሲካ ዋዜማ።

የሥጋ ሻጩ የታመነ ቤት ሰልፍ የማታቱዎቹ፣ የሚኒባስ ታክሲዎቹ፣ መቆሚያ ደርሷል።

የታመነ ልብ ግን ሥጋው ላይ የለም...

የሚወዳትን ሳምራዊትን ሊያገባ የሚችለው አጎቷ «እሺ» ካሉ ብቻ ነው። ሰኞ ይመጣሉ። ገና በዓይን አልተያዩም፤ እሳቸው ግን «ግልፍተኛ ነው አሉ፣ ለሱ ልጅ አልሰጥም» ማለት ጀምረዋል።

እውነት ነው... ግልፍተኛ ነው።

በጎረምሳነቱ የገዛ ወንድሙን ጥርስ አራግፏል። ከዚያ ወዲህ ራሱን አያምንም። ጆሮው መጋል ሲጀምር ቢላውን ፊቱ ለቆመው ሰው ይሰጥና ሰፈሩን ዞሮ ይመጣል። ሰፈርተኛው ለምዶታል።

ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ተራቸው ደረሰ።

«ይሄ ሥጋ ነው የማታቱ ጎማ?»

«ጋሼ፣ የዛሬ እርድ ነው።»

«ውሸታም። እናትህ ያስተማረችህ ይሄን ነው?»

ሰልፉ አንገቱን አሰገገ...

የታመነ ጆሮ በርበሬ መሰለ። ቢላውን በእጀታው በኩል አቀበላቸው።

«ጋሼ፣ ይያዙልኝ። ስናደድ ጥሩ ሰው አይደለሁም። ሲበርድልኝ እመጣለሁ።»

ወጣ።

ሽማግሌው ቢላ ይዘው ቀሩ... ሃሃሃ።

አያልነሽ የምትባል ምላሰኛ ከኋላ፦

«አባባ፣ ከሚቆሙ ሁለት ኪሎ ይቁረጡልኝ እስቲ።»

ሰውየው ምን ያድርጉ... ቆረጡ።

«አጥንት ብቻ? ኮፍያው ጋርዶዎት ነው?»

በቃ... ጦፉ።

«አንቺ ባለጌ!»

ቢላው ወደ ላይ... ሰልፉ ብትን።

ታመነ ዞሮ የደረሰው ያኔ ነው። እጃቸውን ቀስ አድርጎ ያዘና ቢላውን ወሰደ።

«ጋሼ፣ ፖሌፖሌ፣ ቀስ ይበሉ... በግራ በኩል ይዙሩ፣ ጥላ አለው።»

ይሄኔ ሳምራዊት ከተፍ...

«አጎቴ... ሰኞ እመጣለሁ አላልክም እንዴ?»

ለካ ጋሽ ሕዝቅያስ ከሚኖሩበት ከጊጊሪ ሰፈር ቀድመው የመጡት ልጁን አናድደው ሊፈትኑት ኖሯል።

ታመነ ክው...

ሽማግሌው ቢላ ያነሳውን እጃቸውን አዩት። ከዚያ... በግራ በኩል ዞሩ።

ወገኖቼ፣ ክፉ ጎን ሁላችንም ጋ አለ። የሚያውቀው ሰው ቢላውን ቀድሞ ያስረክባል... የማያውቀው ነው የሚያስፈራኝ።

እናንተስ ጆሯችሁ ሲግል ቢላችሁን ለማን ታስይዛላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እንዳታፍሩ።

ጋሽ ሕዝቅያስ ዞረው ሲመለሱ ላባቸውን እየጠረጉ ያሉትን ደግሞ ቃል በቃል እንካችሁ...

«ሰርጉ መቼ ነው? ብቻ እኔን ከቁርጡ አጠገብ እንዳታስቀምጡኝ።»