የሌሊት ፓኬጅ

ናፍቆት ከባጃጁ ሳትወርድ ነው ለቅሶውን የሰማችው። «ወየው ለሚዬ! ወየው ልጄን!» የሚለው የእናቷ ድምፅ ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ የእድሩ ወንዶች የድንኳኑን ቋሚ ሊተክሉ መሬት ይቆፍራሉ።

ወንድሟ ለሚ ትናንት ሐዋሳ ሆስፒታል ሆዱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ በደህና ነቅቷል፤ ይህንን ማታ ደውሎ የነገራት አስታማሚው አጎቷ አለባቸው ነው። ታዲያ ሌሊቱን ምን መጣበት?

«ማን ነገራችሁ?» አለች፣ በሩ ላይ የቆሙትን የጋሽ ገሪማን ክንድ ይዛ። ጋሽ ገሪማ ከእናቷ ጋር አጥር የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው፤ እናቷ ስልክ ስለሌላት ከዲላም ሆነ ከሐዋሳ የሚመጣ ወሬ ይርጋጨፌ የሚደርሰው በእሳቸው ስልክ ነው።

«አንቺ ነሻ፣ ልጄ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሊነጋጋ ሲል ደውለሽ ‹ጋሼ፣ እማዬን ይቀስቅሱልኝ፣ የለሚ ነገር ነው› አልሽኝ። ከዚያ መናገር አቃተሽና ዘጋሽው። ገባኝ። መርዶ ደግሞ መልሰው አይጠይቁትም። ሽማግሌ ሰብስቤ፣ እንደ ደንቡ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ነገርናት። ለደግ ወሬማ በዚያ ሰዓት ማን ይደውላል?»

ናፍቆት አልዘጋችውም ነበር። የተቋረጠው የስልኳ ፓኬጅ ሰዓቱ አልቆ ነው።

ባለፈው ወር ነው ወደዚህ ወደ ሌሊቱ ፓኬጅ የዞረችው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ የሚሠራ፣ ዋጋው እንደ ነፃ የሚቆጠር። በምትሠራበት በዲላ ዩኒቨርሲቲ የቢሮ ጓደኞቿን ሁሉ ሰብካ አስገዝታለች፤ «ቀን የሚደውል ገንዘቡን የጠላ ነው» እያለች። አለባቸው ማታ ሲደውል «እናትሽ እህል አልቀመሰችም አሉ፤ ቶሎ ንገሪያት፣ የኔ ባትሪ ሊዘጋ ነው» ብሏት ነበር። ካርድ የሚሸጥ ሱቅ ደጇ ላይ ነው። ግን ትንሽ ብትታገሥ ይረክሳል። በውድቅት ሌሊት ደግሞ ሽማግሌ አይቀሰቀስም ብላ ተኛች፤ ነቅታ ስትደውልም ጋሽ ገሪማ ጋቢያቸውን እስኪደርቡ ሰዓቱ አለቀ። ያኔም ካርድ ገዝታ መድገም ትችል ነበር። «ቅዳሜ አይደል፣ ራሴ እሄድ የለ» ብላ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ደመወዝተኛ ናት፤ የምታሳድገው ልጅ የላት፣ ያለባት ዕዳ የላት።

«አልሞተም!» ብላ ጮኸች። «ለሚ አልሞተም! ደህና ነው!»

አንዲት ሴት እልል ማለት ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው። እናቷ ወገቧን በነጠላ እንደታሰረች ሰው እየገፋች መጣች። ጉንጮቿን በጥፍሯ ነጭታቸዋለች፤ ደሙ አልደረቀም። የናፍቆትን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«በኔ ሞት በይ።»

«ባንቺ ሞት፣ እማዬ! ነቅቷል። አጎቴ ነው ማታ የነገረኝ።»

ማታ የሚለው ቃል ካመለጣት በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሩቂያ ከሴቶቹ መሃል ቀና አለች።

«ማታ? ማታ ካወቅሽ ምነው እስኪነጋ ያዝሽው? ይቺ ሴትዮ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ነው ያደረችው፤ አብሬያት ነበርኩ።»

ኔትወርክ አልነበረም ብትል ማንም አይጠረጥራትም፤ እንደ ኔትወርክ ያለ ጥፋት የሚሸከም ዘመድ የለም። ውሸቱ አፏ ድረስ መጣ። የእናቷን ጉንጭ አየችና ጠፋባት።

«ሌሊት… ሌሊት ይረክሳል ብዬ ነው» አለች።

የሳቀ የለም። የሳቀ ቢኖር በተሻላት። ቋሚውን የያዘው ሰውዬ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አጋደመው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ማስተካከል ያዙ፤ ዓይኗን የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም። ጋሽ ገሪማ ከነሽበታቸው እናቷ እግር ላይ ጎንበስ አሉ።

«ይቅር በይኝ ገበያነሽ። ያልሞተ ልጅሽን የገደልኩብሽ እኔ ነኝ።»

«ኧረ ይነሱ፣ ጋሼ! ኧረ በእግዜር!» እናቷ ትከሻቸውን ይዛ አነሣቻቸው። ናፍቆት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ይቅርታው የእሷ ነበር፤ ቀደሟት።

«ድምፁን አሰሚኝ» አለቻት እናቷ።

ሩቂያ ለለቅሶ የዘጋችውን ሱቅ ከፍታ ካርድ አመጣችላት፤ ገንዘብ ስትዘረጋላት እጇን ገፋችው። ናፍቆት ካርዱን በጥፍሯ ፋቀች። ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳተች። በመጨረሻ አለባቸው አነሣ፤ ስልኩን ለለሚ ሰጠው። ናፍቆት ስልኳን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገችላት።

«ለሚ? አንተ ነህ?» እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። «ቁስሉ ያምሃል? … አይ፣ እኔማ ደህና ነኝ። ምን እሆናለሁ? … ጉንፋን ነው ድምፄን የዘጋው።»

ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ናፍቆትን አየቻት። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢሆን ይቀል ነበር።

«በል በቃ፣ ዝጋው ልጄ» አለች እናቷ ተጣድፋ። «ቀን ውድ ነው አሉ። የእህትህ ካርድ እንዳያልቅባት።»

ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ ዘረጋችላት። ናፍቆት እጇ አልነሣ አላት። ስልኩ ውስጥ ለሚ ገና «እማዬ? እማዬ?» ይላል።