ባንዲራ አያድርም

የኦስሎ ሰው በሰኔ ወደ ደሴታችን የሚመጣው የማትጠልቀውን ፀሐይ ለማየት ነው። አርብ በጀልባ ይመጣል፣ እሑድ ይመለሳል። በመሃሉ ፎቶ ያነሳል፣ ትንኝ ይበላዋል፣ ደግሞም «እንዲህ እየበራ እንዴት ትተኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። በመጋረጃ ነዋ! በምን ልንተኛ ኖሯል?

ቦርግሂልድ እነዚህን ሰዎች ከልቧ ትንቃቸዋለች። ሰባን አልፋለች፣ ባል አላገባችም፣ እሷ ያልናቀችው ሰው ደሴቱ ላይ የለም።

ይሁንና በየአርቡ ጀልባዋ ስትደርስ ወደቡ ላይ አትጠፋም። «ፖስታ ልቀበል ነው» ትላለች። ፖስታ የሚመጣው ሰኞ ነው። የምትጠብቀው ወንድሟን ሃልቫርድን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እናታቸው የተቀበሩ ጊዜ ማዕበል ይዞት አንድ ቀን አርፍዶ ደረሰ። እሷ ደጃፍ ላይ ቆማ «ዘገየህ» አለችውና በሩን ዘጋችበት። በማግስቱ ተመልሶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውም የለ።

«ምናለ አንድ ደብዳቤ ብትጽፊለት?» ይላታል ጎረቤቷ ፔደር።

«እኔ ልለምነው? የሄደው እሱ! እግር አለው፣ ይምጣ። በሩ አልተቆለፈም።»

ይህን ስትል ዓይኗ ባሕሩ ላይ ነው።

ያን አርብ ከጀልባዋ የወረደው አንድ ወጣት ብቻ ነበር፤ የኋላ መስኮቶቿ በጠቆሩ ነጭ መኪና። ፔደር ከሚያከራያቸው ሁለት ቤቶች ፀሐይዋ ወለል ብላ የምትታይበትን፣ ከባሕሩ ዳር ያለውን ሊሰጠው ቢል እምቢ አለ። ከቦርግሂልድ ቤት ፊት ለፊት ያለውን ያዘ። መኪናዋን በጓሮ በኩል በሩ ድረስ አስጠግቶ፣ ማንም ሳያየው ሲያወርድ ቆየ።

«ሴት ደብቋል» አለች ቦርግሂልድ። «የሰው ሚስት ናት፣ ምን ትጠራጠራለህ።»

ወጣቱ ከዚያ ደጁ ላይ ካለው ምሰሶ ባንዲራ ሰቀለ። ባንዲራ በኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ጠዋት ይወጣል፣ ፀሐይ ስትገባ ይወርዳል። ፀሐይ በማትገባበት ወራት ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይወርዳል። ለልደትና ለሰርግ ጫፍ ድረስ ይወጣል፤ ሰው የሞተበት ቤት እኩሌታው ላይ ያቆመዋል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። የወጣቱ ባንዲራ ግን ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አራት አለፈ፣ ጫፍ ላይ ይውለበለባል።

ቦርግሂልድ መስኮቷን በረገደችው።

«አንተ! ባንዲራ አያድርም!»

ወጣቱ ወደ ቤቱ ዘወር ብሎ አዳመጠና መለሰ። «ፀሐይ ስትገባ አይደል እንዴ የሚወርደው? የት ገባችና?»

ከውስጥ አንድ ሰው ሲስቅ ተሰማ። ሳቁ ሳል ሆነና ቀረ።

«ሰክረዋል!» አለች ቦርግሂልድ። እንዲህ ያለ መልስ በአባቷ ቤት የሚያስከትለው ጥፊ ነበር።

ቅዳሜ ወጣቱ በሯን አንኳኳ።

«እማማ፣ ትንሽ ሩባርብ ይሰጡኛል? ከጓሮዎ፣ ከድንጋዩ አጥር ሥር ካለው። በስኳር እየነከሩ ለመብላት።»

ሩባርቡን፣ ያንን ጎምዛዛ አገዳ፣ የተከሉት እናቷ ናቸው። ከመንገድ አይታይም።

«ጓሮዬን ደግሞ ማን አስጎበኘህ?»

ወጣቱ ፊቱ ቀላ። «እንዲያውም ራስዎ ይዘውልን ቢመጡ። ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ፀሐይዋን አብረን እናይ ነበር። እባክዎ። አንድ ሰው እርስዎን...»

«ፀሐይዋን ዕድሜ ልኬን አይቻታለሁ። የኦስሎ ሰው ማጫወት ሥራዬ አይደለም!»

በሩን በፊቱ ድርግም አደረገችው። ስሙን እንኳ አልጠየቀችውም። ወጣቱ እንደገና ሊያንኳኳ እጁን አነሳና ተወው።

ማታ ለፔደር አቤት አለች። «በባሕሩ በኩል ያለውን መስኮት በመጋረጃ ዘግተውታል! የተከፈተው ወደኔ ያለው ብቻ ነው። ከኦስሎ ድረስ ተጉዘው፣ ፀሐይዋን ትተው እኔ ላይ ያፈጣሉ። እንዲህ ያለ ጉድ አይተህ ታውቃለህ?»

«ታምሪያቸው ይሆናላ» አለ ፔደር።

«ዝም በል አንተ ደግሞ። ዛሬም ባንዲራውን ካሳደሩት ራሴ አወርደዋለሁ።»

አሳደሩት። እሑድ ገና በማለዳ ቦርግሂልድ የአባቷን አሮጌ ካፖርት ደርባ መንገዱን ተሻገረች። ወደሷ ያለው መስኮት አሁን ተጋርዷል።

«አፈሩ!» አለች ጮክ ብላ፣ ሰው ባይኖርም።

ገመዱን ፈትታ መሳብ ጀመረች። ጣቶቿ እንደ ድሮው አይታዘዟትም፣ ገመዱም በጤዛ ርሷል። ባንዲራው እየተንገጫገጨ እኩሌታው ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተ። ወጣቱ በካልሲው ወጣ። ዓይኑ አብጧል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ ያደረ ሰው ይህን ይመስላል ስትል አሰበች።

«ባንዲራ አያድርም ብዬህ አልነበረም? ወይስ አባትህ ሥርዓት አላስተማረህም?»

ወጣቱ ቀረብ ብሎ ገመዱን ከእጇ ላይ በቀስታ ያዘ።

«እዚያው ላይ እሰሪው፣ አክስቴ» አለ። «ዘገየሽ።»