የእድሩ ባንዲራ

«ውረጂና ከመንገዱ ማዶ ቁሚ» አላት ይገረም፣ የተጠቀለለውን ባንዲራ ብብቱ ስር ሸጉጦ። «እዚህ ማየት የለም። ከሩቅ ነው የምታይው።»

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ጉልበቴ ሁለት ፎቅ አስወጥተኸኝ መልሰህ ታወርደኛለህ?» አለች ሠርኬ።

«ከእድርተኛው ውስጥ እንዳንቺ ዓይኑ የደከመ የለም። አንቺ ካየሽው ሁሉም ያየዋል። ሙገሳ ነው፣ አትቆጪ።»

ባንዲራውን የሰፋችው እምነት ሳቋን ለመደበቅ ወደ ስፌት መኪናዋ አጎነበሰች። ጎጃም በረንዳ ካለው ከዚህ ጠባብ ሱቋ ሆና፣ በቴሌግራም ለሚያዟት ሁሉ ባንዲራ ትሰፋለች። ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለሰፈር ኳስ ቡድን። ሲያልቅ በሞተረኛ ትልካለች። ለእድር ግን ሰፍታ አታውቅም ነበር። ሌላው ደንበኛ የሚፈልገውን ነገር ፎቶ ይልክላታል፤ የእድሩ ዳኛ ይገረም ፎቶ ስላልነበረው ድምፁን እየቀዳ ላከላት፣ ያውም የሬዲዮ ትረካ የሚያህል። ጨርሳ ስታሳየው ደግሞ «በስልክ አይቼ አልረከብም፣ ሰው ይዤ መጥቼ አሳያለሁ» አለ። ይዞት የመጣው ሰው ሠርኬ ናት።

ሰፈራቸው ከፈረሰ ወዲህ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። እድሩ ግን አልፈረሰም። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ከተማ ዳር ይተከላል፤ ለቀስተኛው ደግሞ አንዱን ብሎክ ከሌላው መለየት እያቃተው ይንከራተታል። ሰዓደት የሞተች ቀን ሠርኬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን ሸፍና፣ መጀመሪያ ያገኘችው ድንኳን ውስጥ «ሰዓደትዬ! እህቴን!» እያለች ገባች። ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ አንዲት ሴት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ የኛ ሟች እኮ ወንድ ናቸው» አለቻት። ትክክለኛውን ብሎክ አፈላልጋ ስትደርስ የሰዓደት ጀናዛ ከወጣ ቆይቷል። አንድ ግድግዳ ተጋርተው ልጅ ያሳደጉ ሴቶች ነበሩ፤ ሳትሸኛት ቀረች።

ወሬውን የሰማ ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ አልደረሰችም፣ ስብሰባም አልረገጠችም። በመጨረሻ ለይገረም ደውላ፣ «ከእድሩ ሰርዙኝ። እኔ ሰው ሳልቀብር ሰው ይቅበረኝ አልልም» አለችው።

«እሺ» አላት። «ድንኳኑ ላይ የሚሰቀል ባንዲራ እያሰፋን ነው። እሱን መጥተሽ እይልኝ። ካልታየሽ በገዛ እጄ እሰርዝሻለሁ።»

ምን ምስል እንዳሰፉበት ግን ሊነግራት አልፈቀደም። መስቀል እንዳይደረግ፣ ጨረቃም እንዳይደረግ ሲከራከሩ መክረማቸውን ብቻ ሰምታለች።

የደረጃውን መደገፊያ ይዛ እያነከሰች ወረደች። መንገዱ ላይ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ይራወጣል፣ ጋሪው ይንኳኳል። እንደምንም ተሻግራ ስፖንጅ ፍራሽ ከሚሸጥበት ሱቅ ጥላ ስር ቆመችና ዞር አለች። ፎቁ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በየበረንዳው ብርድ ልብስ፣ ሸራ፣ የልጅ ልብስ ተንጠልጥሏል። የወጣችበት የቱ ነበር?

ከአንዱ በረንዳ ላይ የሆነ ጨርቅ ወደ ታች ተለቀቀ። ነፋስ የሚባል ነገር ስላልነበረ እንደ ታጠበ ፎጣ ተጨማዶ ተንጠለጠለ። ሰማያዊ ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም አይታይም።

ዓይኗን ብታጠብብ፣ በነጠላዋ ጫፍ ብትጠርግ፣ ያው ነው። አልታያትም። በቃ ልትሰረዝ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መሰረዝ የምትፈልግ ይመስላት ነበር፤ አሁን ግን እንደማትፈልግ አወቀች፣ እንባዋም መጣ።

በረንዳው ላይ አንድ ሰው ግማሽ አካሉን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ የባንዲራውን ጫፍ ለመያዝ ሲንጠራራ አየች። ከይገረም ሌላ ማን ሊሆን ነው! ከኋላው እምነት የኮቱን ጅራት ጨምድዳ ይዛለች። ሽማግሌው ጫፉን ያዘና ጎትቶ ዘረጋው።

በር ነው።

የሷ በር። ያ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ከግርጌው ባለቤቷ ነፍሱን ይማረውና በዘይት ጣሳ የለጠፈው ቢጫ እራፊ ሳይቀር። የሰፈሩ ሰው ቤቱን ለእንግዳ ሲያመላክት «የሠርኬን ሰማያዊ በር ጠይቅ፣ ከሱ ወደ ቀኝ» ነበር የሚለው። የሰዓደት ቤትም «ከሰማያዊው በር ቀጥሎ» ነበር አድራሻው። ቤቱ ሲፈርስ በሩ የት እንደገባ እንኳን አታውቅም።

ደረቷ ውስጥ የሸጎጠችው ስልክ ጮኸ።

«ታየሽ?» አለ ይገረም እያለከለከ። «ቶሎ በይ፣ ልጅቷ ኮቴን ልትቀደው ነው!»

«ገርበብ አድርጋችሁ ነው የሠራችሁት» አለች ሠርኬ።

«ዘግተሽው ታውቂያለሽ እንዴ?»

መንገደኛው ግራና ቀኝ እየገፋት ያልፋል።

«ታዲያ ልሰርዝሽ?» አለ ይገረም።

«ዝም ብለህ ያዘው። እየመጣሁ ነው።»

ስልኩን ሳትዘጋ መንገዱ ውስጥ ገባች። «እናት፣ መንገድ!» አለ ጋሪ የሚገፋ ጎልማሳ። ዞር አለችለት፣ ዓይኗን ግን ከላይ አልነቀለችም። እንዲህ አንጋጣ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ወደ በሯ ተሻገረች።