ጥሬው ግብጦ

ጉብታው እዚያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ የግብጦውን ዱቄት ከደረቅ ጨው ጋር ወቅጬ፣ እንደ ክኒን ጠፍጥፌ፣ የኢንፍራሬድ ማሽኑ ውስጥ ከትቻለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ላይ ሲደርስ አሁንም እብጥ ይላል።

ዶክተር አወቀ፣ አማካሪዬ፣ ከኋላዬ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። «መቅደላዊት፣ ይሄ የተቆላው አይደለም?»

«ጥሬው ነው ዶክተር።»

«እና ጉብታው ከየት መጣ? ከረጢት ቀያይረሽ እንዳይሆን።»

ሁለት ዓመት የለፋሁት ለዚህች መስመር ነው። ግብጦ ሲቆላ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፤ ኢንፍራሬድ ጨረሩ ለውጡን በጉብታ ያሳያል። እሳት ያልነካው ጉብታ የለውም። አሁን ግን ጥሬውና የተቆላው መንታ መስለዋል። ጽሑፌን የማስረክበው ዓርብ ነው፤ የማሽኑ ተራ ደግሞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ የሌላ ተማሪ ነው። እስክሪብቶውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

የትምህርት ክፍላችን ወፍጮ ስለተበላሸ ጥሬውንም የተቆላውንም አገር ቤት፣ ይጁቤ ከተማ አስፈጭታ የላከችልኝ እናቴ ናት። ደወልኩ።

«እማዬ፣ ጥሬ ያልኩሽን ግብጦ ምን አደረግሽው?»

«ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«ቆልተሽዋል?»

«ለእሱስ እሳቱን ቀነስ አድርጌለታለሁ። ከዚያ እንደ ደንቡ ምሬቱ እስኪወጣ ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ አድርቄ…»

«ጥሬ ነው እኮ ያልኩሽ! ለጥናት ነው አልኩሽ!» ጮህኩባት። ዶክተር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ጥሬ ግብጦ እንኳን ሰው ከብት አይደፍረውም። ሰው ዱቄት ላኪልኝ ሲል ሊበላ ነው እንጂ ሊያየው ነው? ጥናት የምትለው ርቧት አፍራ ነው ብዬ ነዋ። ልጄን መራራ ላብላት?» ድምጿ ተሰበረ። «ለመሆኑ ዛሬ ቀምሰሻል?»

«በልቻለሁ፣ እማዬ።» ዋሸሁ።

ዶክተር አወቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ማሽኑ አልዋሸም። ገበያ ውጪና ጥሬ ፈልጊ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስፈቅድልሻለሁ» ብለው ወጡ።

ሻንጣዬን አነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ተመለስኩ። ላብራቶሪ ውስጥ ምንም ነገር አይቀመስም፤ ለአዲስ ተማሪዎች ይህን የምናገረው እኔ ነኝ። «ጥሬ» ብዬ የጻፍኩበትን ከረጢት ከፍቼ ጣቴን ከተትኩና ላስኩ።

አይመርም። እንደገና ከተትኩ።