ድምፁ ይታፈን

«በሞተሩና በወንበሩ መሃል ወፍራም ስፖንጅ አስገባልኝ፤ ድምፁ ይታፈን» አለ ባለባጃጁ ዝናቡ። መካኒኩ ጠሃ መፍቻውን እንደያዘ ገልመጥ አደረገው። ከጦርነቱ ወዲህ በሐይቅ ከተማ ድምፁን አጥፍቶ መሄድ የሚፈልግ ሁሉ ያስጠረጥር ነበር።

«ግራ ቀኙ ክፍት ሆኖ ምኑ ይታፈናል? ወላሂ አልገባኝም፤ ከማን ልትደበቅ ነው?»

«ከማንም አይደለም» አለ ዝናቡ፣ ዓይኑን ከጭስ ማውጫው ሳይነቅል።

መልሱን የጠሃ ቀልብ አልወደደውም። በጨለማ ወደ ውጫሌ ምን ሊያመላልስበት ነው? ለሚሊሻ ልንገር አልንገር እያለ ሞተሩን ሲያስነሳው፣ ጭስ ማውጫው እንደ ጥይት ጮኸ።

ጠሃ ራሱን ያገኘው ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር፣ ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ ነበር። ዝናቡ ቀድሞት ገብቷል። ጠጋ አለለት።