አልጫንም ያለችው ባዝራ

ወለላ የፊት እግሯን ከጭነት መኪናው በተደገፈው ሳንቃ ላይ ታሳርፍና፣ አፍታ ቆይታ፣ መልሳ ታወርደዋለች። አሥራ አንደኛ ጊዜዋ ነው። አቶ መብርሃቶም በቀኝ እጃቸው ገመዷን ጨብጠው፣ ግራቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው፣ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«ፋዘር፣ በቃ ከኋላ እንግፋትና እንገላገል» ይላል የአይሱዙው ሹፌር ታዲዎስ፣ አንገቱን በጋቢናው መስኮት አውጥቶ።

«ፈረስ አይገፋም።»

«ማለቴ፣ ትንሽ ብቻ…»

«ትንሽም አይገፋም! ከፈለግህ ና ሞክር፤ ጥርስህን ከመሬት የምትለቅመው ግን አንተው ነህ።»

የካዛንቺሷ ቅያስ ከአይሱዙው ብዙም አትሰፋም። ከኋላ አንዲት ቪትዝ ጥሩምባዋን ታንባርቃለች። ሰፈሩ ሊፈርስ ነውና ግማሹ ሰው ለቋል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ምክሩን ይዞ ደጅ ወጥቷል። ወይዘሮ ጀማነሽ ዓይኗን በነጠላ ሸፍኗት ይላሉ። አንዱ ስኳር አሳዩዋት ይላል፤ ስኳሩን በልታ ጨርሳለች። ጡረተኛው መምህር አምኃ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው፣ «እዚህ ላይ እኮ ኋላዋን አስቀድማችሁ አስገቧት ይላል» አሉ።

«አምኃ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሒሳብ ስታስተምር እኔ ክፍልህ ገብቼ አውቃለሁ?»

አቶ መብርሃቶምን የሚያንገበግባቸው ሌላው ሁሉ ሳይሆን ይህ ነው፤ ምክር መቀበል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ጋጣ ጠራጊ ሆነው ፈረስ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ አርባ አራት ዓመት ፈረስ ሲያሰለጥኑ፣ ሲያራቡ፣ ሲያዋልዱ ኖረዋል። አንዲት የሰላሌ ባዝራ ከውጭ ከመጣ ድንጉላ አዳቅለው፣ ልጇን፣ የልጅ ልጇን፣ በመጨረሻም ወለላን፣ ሁሉንም እዚሁ ግቢ በእጃቸው ተቀብለዋል። ወለላ ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ አግዳሚ እንደ ቀልድ ትዘላለች። አልጫን ያለ ፈረስ ሲያስቸግር ከቢሾፍቱ ድረስ የሚደወለው ለእሳቸው ነበር። ዛሬ የገዛ ባዝራቸው በሰፈር ፊት ታዋርዳቸዋለች።

ነገ ጠዋት ግቢው ይፈርሳል። የማደንዘዣ መርፌ እንዳይሰጧት የሰባት ወር እርጉዝ ናት። የምትሄደው ሱሉልታ ነው፤ ልጃቸው እጸገነት አሰልጣኝ ሆና የተቀጠረችበት ጋጣ። እሳቸው ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ምትክ ቤት ደርሷቸዋል። እጸገነት ሦስት ዓመት የሠራችበትን ባንክ ትታ ፈረስ ላሰለጥን ስትል፣ ሦስት ወር አኩርፈዋት ነበር። «እኔን ያየ በፈረስ ይጫወታል?» ነበር ያሉት።

እሷ አሁን እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከትታ ሳንቃው አጠገብ ቆማለች። ካለው ሰው ሁሉ ዝም ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ ይኸው ዝምታዋ ደግሞ ከሰዉ ጫጫታ ይልቅ ያቃጥላቸዋል።

«አንቺስ? ምክር የለሽም?»

«አለኝ። ግን ትቆጣለህ።»

«ተቆጥቻለሁ እኮ! ከዚህ በላይ ወዴት እቆጣለሁ?»

ሰው እንዳይሰማ ጠጋ አለቻቸው። «አባዬ፣ እጅህን እየው። ሳንቃውን በረገጠች ቁጥር ወደ ኋላ ትስባታለህ።»

«እኔ?»

«አንተ።»

ልጅቷ ስህተቷን በዓይኗ ማየት አለባት አሉ በሆዳቸው። ወለላን አዙረው እንደገና ወደ ሳንቃው መሯት፤ በዚህኛው ግን ዓይናቸው ባዝራዋ ላይ ሳይሆን የገዛ እጃቸው ላይ ነበር። ኮቴዋ እንጨቱን ነካ። ያን ጊዜ ክርናቸው፣ ሳያዝዙት፣ መኪና መንገድ የገባ ሕፃን እንደሚመልስ ሰው ወደ ጎናቸው ተሰበሰበ። ወለላም እንደተነገራት እግሯን አወረደች።

ይህች ባዝራ አንድም ጊዜ እምቢ አላለችም። አሥራ ሁለት ጊዜ እሺ ብላለች።

«ፋዘር፣ እንዴት ነው ነገሩ?» አለ ታዲዎስ።

«ዝም በል አንተ!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በግራዋ በኩል ሁኚ። ዓይን ዓይኗን አትይ። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካስተኛች…»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ታውቂያለሽ! ሁሉም ያውቃል ዛሬ!» እያሉ ገመዱን ሰጧት፤ እሷ ከያዘችው በኋላም ጥቂት አልለቀቁትም። ከዚያ የወለላን አንገት አንድ ጊዜ መታ መታ አድርገው፣ ባዝራዋ እንዳታያቸው ወደ ግቢው ገቡ።

ጋጣው ባዶ ነው። ጥግ ላይ የጠዋት ፋንድያ አለ። «ይኸን ማን ተወው?» ብለው ተቆጡ፤ የተዉት ራሳቸው ናቸው። መጥረጊያ አንስተው፣ ነገ የሚፈርሰውን ወለል ይጠርጉ ጀመር። ከአጥሩ ማዶ አንድ ኮቴ እንጨት ላይ ሲያርፍ ሰሙ። መጥረጊያው ቆመ። ብዙ ቆይቶ ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ የኋለኞቹ፣ እየተከታተሉ፣ የሳንቃውን ቁመት ሁሉ እያስጮኹ።

ሰፈሩ በጭብጨባ ቀለጠ።

«ዝም በሉ እንጂ! ፈረስ ፊት ይጨበጨባል?» ብላ ጮኸችባቸው እጸገነት፣ ቁርጥ የአባቷን በሚመስል ድምፅ።